የማታው ኪኒን

«አፍሽን ክፈቺ» አለች ስጦታ።

ሸጊቱ ከፈተች።

«ምላስሽን አንሺው።»

«ኧረ ባክሽ! እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ ወይስ አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ?»

«አንሺው ብያለሁ።»

ሸጊቱ አላነሳችም። አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስጦታ ለዚህ ሌላ መልስ አላስፈለጋትም። መዳፏን ከእህቷ አገጭ ሥር ዘርግታ ጠበቀች። ቆይቶ ሁለት ፍሬ ኪኒን፣ በምራቅ ርሶ መሟሟት የጀመረ፣ መዳፏ ላይ ወደቀ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«ሦስተኛ» አለች ሸጊቱ ወደ ግድግዳው።

ስጦታ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ሸጊቱ በሰባት ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ስትታመም ጎንደር ከመምህራን ኮሌጅ ትምህርቷን አቋርጣ መጥታ ያስታመመቻት ሸጊቱ ነበረች። እናታቸው ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ሸጊቱም መሳል ጀመረች። ተራው ቲቢ አልነበረም፤ መድኃኒት የተላመደው ነው ተባለ። ጎንደር ሆስፒታል አራት ወር ተኝታ፣ ከእንግዲህ ወደ ሰው አታስተላልፍም ተብሎ ደባርቅ ከተመለሰች ሁለት ወሯ ነው። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳ መርፌዋን ትወጋለች፤ ነርሷ ሲስተር ዘቢደር እያየቻትም አንድ እፍኝ ኪኒን ትውጣለች። የማታው ኪኒን ግን ቤት የሚወሰድ ነው። ሕክምናውን የሚያግዘው የርዳታ ድርጅት ስጦታን ሁለት ቀን አሠልጥኗት፣ ሸጊቱ ካርድ ላይ «ደጋፊ» በሚለው መስመር ስሟ ሰፍሯል። ሕክምናው ገና ዐሥራ አራት ወር ይቀረዋል።

«ለምን?» አለች ስጦታ። «ስድስት ወር ሙሉ ስትውጪ ከርመሽ አሁን ምን መጣ?»

ሸጊቱ በሩን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሲናገር እሰማዋለሁ።»

«ማንን?»

«እንጃ። ወንድ ነው። ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር ይናገራል። ኪኒኑን ላነሳ ስል ይስቃል። ‹እናትሽን የገደላት ይኸው ነው› ይለኛል። ቀን ዝም ይል ነበር፤ አሁን ቀንም መጣ።»

 «ነገ ለሲስተር ዘቢደር እንነግራታለን» አለች ስጦታ።

«አይሆንም!» ሸጊቱ የእጇን አንጓ ጨመደደቻት። «ስሚኝ። ቲቢ ነው ሲባል ጎረቤቱ ደጃችንን መርገጥ ተወ። ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከው ሰው ሽማግሌዎቹን መልሶ ልኮ ቀርቻለሁ አለ። እብድ ናት ቢባልስ? አባባም ይርቀኛል። አንቺም ትርቂኛለሽ። ለማንም እንዳትናገሪ። በእማዬ ነፍስ ማይልኝ።»

ስጦታ የረጠቡትን ኪኒኖች አየች። «ከዋጥሽ እምላለሁ።»

«መጀመሪያ ማይ።»

«በእማዬ ነፍስ» አለች ስጦታ። ሸጊቱ አዲስ ሁለት ፍሬ ተቀብላ ዋጠች፤ ምላሷንም አነሳች። ስጦታ ያን ማታ ያሸነፈች መስሏት ተኛች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲስተር ዘቢደር መርፌውን ወግታ ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች። ሰውነቷ የደነደነ፣ በሥራዋ የማትቀልድ ሴት ናት። ጆሮ ይጮሃል? ምግብ ይበላል? እንቅልፍ?

«ድምፅ መስማት፣ ሰው መጠራጠር፣ እንዲህ ያለ ነገርስ አለ?»

«የለም» አለች ሸጊቱ።

ዘቢደር ወደ ስጦታ ዞረች። «ደጋፊዋስ ምን ትላለች?»

«የለም» አለች ስጦታ። ቃሉ ቀሏት ወጣ። ከጤና ጣቢያው በር ሲወጡ ነው የከበዳት።

ትምህርት ቤት ስትደርስ የክፍሉ አለቃ ያርጋል የእሷን ዴስክ ከመስኮቱ ሥር ጥግ አስጠግቶት አገኘችው። ሁለቱ ዴስክ ተጋሪዎቿ ሌላ ቦታ ተደርበው ተቀምጠዋል።

«ለጤናችን ነው» አለ ያርጋል። «ሙድ እየያዝኩብሽ አይደለም።»

«እህቴ አታስተላልፍም። ወረቀት አላት። እኔም ተመርምሬያለሁ፣ ነጻ ነኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«ላቦራቶሪው ያውቃል። ቲቢ የሚተላለፈው በሳል ነው ያርጋል። ያንተ ድንቁርና ግን ሳይሳልም ይተላለፋል፤ ይኸው ክፍሉን አዳርሰኸዋል።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ስጦታ ዴስኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሲሚንቶውን እያስጮኸች፣ ጎትታ ከነበረበት መለሰችው። ብቻዋን ተቀመጠችበት። ደብተሯን አውጥታ ገለጠች።

እንዲህ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሸጊቱ ኪኒኑን ትውጣለች፤ ስጦታ ምስጢሩን ትጠብቃለች። ሸጊቱ ግን እየባሰባት ሄደ። ስጦታ የሠራችውን ወጥ አልቀምስም አለች። መስኮቱን በጨርቅ ወተፈች። ረቡዕ ቀን ስጦታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰፈሩ መንገድ ላይ ወጥቶ አገኘችው። ሸጊቱ ያለ ጫማ፣ ያለ ነጠላ፣ ወደ ዋናው መንገድ ሮጣ «አቃጠሉኝ! በኪኒን አቃጠሉኝ!» እያለች ከመኪና ፊት ስትገባ ነው የተያዘችው። አባታቸው መሪጌታ ሕሩይ የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ጥለው መጥተው፣ በክንዳቸው ደግፈው ወደ ቤት እያስገቧት ነበር።

ጎረቤታቸው አቶ ዋሴ የተጠቀለለ ገመድ በትከሻቸው አድርገው ከኋላ ደረሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የእነ ስጦታ እናት የሞተች ጊዜ መቃብር የቆፈሩት እሳቸው ናቸው።

ስጦታ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት እጇን መቃኑ ላይ ዘረጋች።

«ገመዱ አይገባም።»

«ልጄ፣ ለእሷው ብዬ ነው። ራሷን እንዳትጎዳ።»

«ለእሷ ከሆነ ይመልሱት። እህቴ ጥጃ አይደለችም።»

«ስጦታ!» አሉ አባቷ ከውስጥ። «ታላቅሽ ናቸው!»

«አውቃለሁ አባባ። አከብራቸዋለሁ። ገመዱ ግን አይገባም።»

አቶ ዋሴ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው፣ ደጁ ላይ ትተውት ለመሄድም አፍረው፣ እንደያዙት ተመለሱ።

ሲመሽ ሸጊቱ ደክሟት እንቅልፍ ወሰዳት። መሪጌታ ሕሩይ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ።

«ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ጸበል ይዣት እሄዳለሁ» አሉ። «ከዛሪማ ወዲያ ካለው። ሁለት ሱባኤ ትጠመቅ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ በዝቶባታል። እስኪሻላት ትረፍ።»

ስጦታ ልትናገረው ያላሰበችው ነገር አፏ ላይ መጣ።

«እማዬም ትረፍ ተብላ ነበር።»

መሪጌታ ሕሩይ ቀና አሉ። በጥፊ የሚመቷት መሰላትና ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጥተዋል።

ጠዋት ለሸጊቱ ልብስ ሲታሰር ስጦታ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች። በእናቷ ነፍስ ነው የማለችው። እናቷ ግን በመጨረሻዋ ሳምንት ምን ያህል እንደቀለለች፣ ለመታጠብ ስትነሣ ስጦታ ብቻዋን እንደተሸከመቻት ታስታውሳለች። ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች።

«ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ» አለች፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ።

ሲስተር ዘቢደር ይዛው የነበረውን መርፌ አስቀመጠች። ስጦታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ድምፁን፣ መሐላውን፣ የትናንቱን ሩጫ፣ ጸበሉን።

«መቼ ጀመራት?»

«ከአምስት ሳምንት በፊት። የማታው ከአንድ ወደ ሁለት ፍሬ ከፍ ካለ በኋላ መሰለኝ።»

ዘቢደር ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ሳይክሎሰሪን» አለች። «ከኪኒኖቹ የአንዱ ስም ነው። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ድምፅ ያሰማል፣ ያስጠረጥራል። ለዚህ ነው በየጊዜው የምጠይቃችሁ።»

 በየማታው በእጇ የምታስውጣት ስጦታ ነበረች። «እኔ ነኝ ያሳበድኳት?»

«አላበደችም። መድኃኒቱ ነው፤ ይስተካከላል። ማልቀሱን ለሌላ ጊዜ አቆዪው፣ አሁን ስሚኝ። ያንን አንዱን ሐኪም ሊያቆመው፣ በሌላ ሊለውጠው ይችላል። ሁሉንም እርግፍ አድርጋ ከተወች ግን ቲቢው ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ የሚያሸንፈው መድኃኒት ላናገኝ እንችላለን። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

ዘቢደር ሰዓቷን አየች። ሁለት ከሩብ ነው። ስልኳን አውጥታ ለሙሌ ደወለች። ሙሌ የርዳታ ድርጅቱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ከጎንደር ይመጣል። ዳባት ደርሷል፤ መኪናውን አሁን ቢያስነሣም አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል።

«እስኪደርስ ያዢያት» አለች ዘቢደር።

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ እንጃ። ደጋፊዋ አንቺ ነሽ። እዚህ የሚተካኝ ሰው እንዳገኘሁ እደርሳለሁ።»

መናኸሪያ ስትደርስ የዛሪማው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። አባቷና ሸጊቱ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠዋል። ሸጊቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች። ስጦታ በበሩ ገባች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ሁለቱን ብረቶች ጨብጣ ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ ውረጂ ወይ ግቢ» አለ ሾፌሩ። «በር ልዘጋ ነው።»

«አይዘጋም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ይወርዳሉ።»

«ስጦታ!» መሪጌታ ሕሩይ ተነሡ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«አውቃለሁ አባባ። በኋላ ይቅጡኝ፣ ቃል አልመልስም። አሁን ግን ይስሙኝ።» ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ከኋላ አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ልጅ ናት?» ትላለች። ስጦታ ድምፅዋን ለአባቷ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ ልታደርገው ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ሸጊቱ ድምፅ ይሰማታል። ከአምስት ሳምንት ጀምሮ። መንፈስ አይደለም፣ ከኪኒኖቹ አንዱ ነው የሚያሰማት። ሲስተር ዘቢደር አሁን ነገረችኝ። አንዱ ይቀየራል፤ ሌላው ከቆመ ግን ትሞትብናለች።»

ሸጊቱ እጇን ከጆሮዋ አነሣች።

«ማልሽልኝ» አለች። ከዚያ ጮኸች። «በእማዬ ነፍስ ማልሽልኝ!»

«ማልኩ።»

«ከዳሽኝ!»

«አዎ» አለች ስጦታ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብረቱን ለቅቃ መጥረግ አልፈለገችም። «ከዳሁሽ። ከዚህ ግን አልነሣም።»

 መሪጌታ ሕሩይ ሁለቱን ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ። መቋሚያቸውን ያዝ ለቀቅ አደረጉ።

«እናታችሁን መድኃኒቱ ሲያቅለሸልሻት» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹ተዪው፣ ትንሽ እረፊ› ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እናንተ የማታውቁት መስሎኝ ነበር።» ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ልጄ፣ አስቸገርንህ። እንወርዳለን።»

ዘቢደር ስትደርስ ሦስቱ የመናኸሪያው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሸጊቱ ከስጦታ ራቅ ብላ። ብዙም ሳይቆይ ነጩ መኪና መጣ። ሙሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ የማይቸኩል ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ መሪጌታ ሕሩይ ሄዶ እጅ ነሣ። ከዚያ ሸጊቱ ፊት መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«አሁንም ይናገራል?»

ሸጊቱ ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጥ አደረገች። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስጦታም ብትሆን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም።

«ይናገራል።»

«ምን ይላል?»

«እንዳታምኚው ይላል። አንተን።»

«እኔን ብቻ?»

«እሷን በተለይ» አለች ሸጊቱ፣ ወደ ስጦታ ሳትዞር።

ሙሌ አልሳቀም። «ያስፈራል እንዲህ ያለ ነገር» አለ። «ይኼን ያህል ጊዜ ብቻሽን መቻልሽ ይገርማል።» ሸጊቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከትናንቱ ሩጫ ወዲህ ሳትጮኽ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጸበሉስ?» አሉ መሪጌታ ሕሩይ።

«ጸበሉን የሚከለክልዎት የለም፣ መሪጌታ። መድኃኒቷን እየዋጠች ትጠመቅ፤ ሁለቱ አይጣሉም። አሁን ግን ጎንደር ሐኪም ይያት። ሁለት ሳምንት ያህል መተኛት ሳያስፈልጋት አይቀርም። አስታማሚ ሴት ብትሆን ይሻላል፤ በሴቶቹ ክፍል ወንድ አያድርም።»

«እሷ እንዳትመጣ» አለች ሸጊቱ ከነጠላዋ ሥር።

 የስጦታ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ቤት ሮጣ ሄደች፤ የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍቷን በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ከመኪናው ኋላ ገብታ ከእህቷ ትይዩ ተቀመጠች።

«ከአንቺ ጋር አላወራም» አለች ሸጊቱ።

«አታውሪ። እኔም አጠናለሁ።»

አላወራችም። ዳባትን አለፉ፣ ጎንደር ገቡ፣ አልጋ ተሰጣት፤ አንድ ቃል አልወጣትም። ሐኪሙ ያንን አንዱን መድኃኒት አቆመ፤ ሌሎቹን አስቀጠለ፤ ድምፁን የሚያረግብ ሌላ ኪኒን ጨመረላት። ስጦታ ሳህን ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ አልጋው ግርጌ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ሒሳብ ትሠራለች። ሸጊቱ ምግቡን ከእጇ አትቀበልም፤ ስጦታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣላት ፊቷን ስታዞር ትበላለች። አንዳንዴ ስጦታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ይቅርታ መጠየቅ ከነበረባት በጤና ጣቢያው «የለም» ላለችበት ነው፤ እሱን ለሲስተር ዘቢደር ነግራታለች።

በስምንተኛው ቀን አንድ የሒሳብ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ሌላ መልስ አመጣባት። ደብተሩን ወለሉ ላይ ወረወረችው።

«ምልክቱን ሳትቀይሪ ነው ያሻገርሽው» የሚል ድምፅ ከላይ ሰማች።

ቀና አለች። ሸጊቱ በክርኗ ተደግፋ ደብተሩን ከላይ ታያለች። የመምህር ዓይኗ ነበር፣ ኮሌጅ ሳለች ለእረፍት ስትመጣ ልጆቹን ሁሉ ሰብስባ የምታስጠናበት።

ስጦታ ምልክቱን ቀየረች። መልሱ መጣ።

«ድምፁስ?» አለች ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሣ።

«አለ። ግን ራቅ ብሏል። ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬዲዮ ይመስላል።» ሸጊቱ ትራሷ ላይ ተመለሰች። «ይቅር አላልኩሽም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«እንጃ። ቀጣዩን ሥሪ።»

በአሥራ አራተኛው ቀን ሙሌ የመውጫ ወረቀት ይዞ መጣ። ሬዲዮ የመሰለው ድምፅ አሁን በቀን አንዴ ቢሰማ ነው፤ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ አይሰማም። ሸጊቱ ደባርቅ ተመልሳ ሕክምናዋን ትቀጥላለች፤ እሱም ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ያነጋግራታል። እስክሪብቶውን አውጥቶ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ለማታው ኪኒን ደጋፊ እንደገና መመዝገብ አለብኝ። የምትመርጪው አንቺ ነሽ ሸጊቱ። ከፈለግሽ አባትሽን ማሠልጠን እንችላለን፤ ዝግጁ ነኝ ብለዋል። የምታምኚው ሌላ ሰውም ካለ።»

ስጦታ መጻሕፍቷን ፌስታል ውስጥ ትከት ነበር። እጇ ቆመ። ሸጊቱ አባቷን ብትመርጥ ምንም እንደማትል ለራሷ ወሰነች። ቢያማትም ምንም አትልም።

ሸጊቱ የጫማዋን ክር አስራ ጨረሰች። አንደኛውን፣ ከዚያ ሌላኛውን።

«እሷ ምስጢር አትጠብቅም» አለች ለሙሌ።

«እሺ፤ እንግዲያው…»

«እሷኑ ጻፋት።»